የሰባት ኩዋይ መንገድ

ሚስቴ ድሮሲላ በሞተች በሦስተኛው ወር፣ ዝናቡ ጋብ ማለት ሲጀምር፣ የእህቴ ልጅ ኪትቦክ ሊወስደኝ መጣ። ከወንዙ እስከ መንደራችን ሁለት ሺህ ምናምን የድንጋይ ደረጃ አለ። ኪትቦክ ደግሞ አርባ ዓመት ያለፈው አስተማሪ ነው፤ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። በራችን ላይ ሲደርስ ለሰላምታ የሚሆን ትንፋሽ እንኳ አልተረፈውም።

«አጎቴ... እናቴ...» ብሎ ደረቱን ይዞ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ቀስ በል። እናትህ ልካህ እንደመጣህ አውቃለሁ፤ ለዚህ ብለህ አትሙትብኝ» አልኩት።

አውቅ ነበር፤ መንደሩም ያውቅ ነበር። በእኛ በካሲዎች ዘንድ ቤትና መሬት የሴት ነው፤ ከእናት ወደ መጨረሻዋ ሴት ልጅ ይሄዳል። ወንድ ሲያገባ ሚስቱ ቤት ይገባል። እዚያም አርባ አራት ዓመት ቢኖር፣ ልጆች ቢያሳድግ፣ ጣሪያውን አሥር ጊዜ ቢከድን፣ መጠሪያው «የሰው ልጅ» ነው። የሌላ ሰው፣ የሌላ ቤት ልጅ ማለታቸው ነው። ስድብ አይደለም፤ እንዲያውም በአክብሮት ነው የሚሉት፣ የተዋሱትን ዕቃ እንደሚጠነቀቁለት ሁሉ። ሚስቱ ስትሞት ደግሞ ወደ እናቱ ቤት፣ እናቱ ከሌለች ቤቱን ወደ ወረሰችው እህቱ ይመለሳል። እኔ ራሴ የስንቱን ባል ቅርጫት ተሸክሜ ሸኝቻለሁ፤ «ምን ታደርገዋለህ፣ ወጉ ነው» እያልኩ አጽናንቻለሁ። ያኔ አፌን በቆረጠው!

ንብረቴን ብሰበስበው አንድ ቅርጫት አልሞላ አለ። ቢላዬ፣ ዛፍ የምወጣበት የእግር ገመድ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ድሮሲላ የሰፋችልኝ ኮት። ሌላው ጓሮ ነው ያለው፤ እሱን ማን በቅርጫት ያነሳዋል? ከቤቱ ጀርባ እስከ ገደሉ ጫፍ የቆሙትን የኩዋይ ዛፎች አብዛኞቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ቅርንጫፍ የሌላቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የወጡ ዛፎች ናቸው። ፍሬያቸውን ቆርጠን፣ ኖራ በተቀባ ቅጠል ጠቅልለን ስናኝክ እንውላለን፤ የከንፈራችን ቅላት ከእሱ ነው። በጉልበቴ ጊዜ አንዱ ዛፍ ላይ ከወጣሁ አልወርድም ነበር። ጫፉን አወዛውዤ ወደ ጎረቤቱ ዛፍ እሻገራለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፤ ግማሹን ጓሮ ለቅሜ ነው መሬት የምረግጠው። ድሮሲላ ከታች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጮህብኝ ነበር።

«ውረድ አንተ ጦጣ! ወድቀህ ብትሰበር ለእናትህ ምን ብዬ ልመልስላት ነው?»

«እንደተረከብሽው በያት!»

«ስረከብህ እብድ መሆንህን መች ነገረችኝ!»

እንዲህ ነበርን። ዛፎቹ የእሷ ነበሩ፤ አሁን የመጨረሻዋ ልጃችን የሪዳሊን ናቸው። በዚህ አልከፋኝም፤ ስተክላቸውም ለማን እንደምተክል አውቅ ነበር። የከፋኝ የሪዳሊን ዝምታ ነው።

ኪትቦክ አደረ፤ በማግስቱ ጠዋት ምድጃው ዙሪያ ተቀመጥን። የድሮሲላ ወንድም ስኬምም መጣ። በእኛ ቤት የእናት ወንድም የተናገረው ቤቱ የተናገረው ነው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«ስንሻር ወንድሜ፣ ከአንተ ያየነው ክፉ ነገር የለም። እህቴን አክብረህ ኖረሃል። አሁን ወገኖችህ ሲጠሩህ አንለቅም ብንል ነውር ነው።»

«ልክ ነህ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ዓይኔ ግን ሪዳሊን ላይ ነበር። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ ትከሻዬ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቤቱ እመቤት እሷ ናት። ጥጓን ይዛ ፍሬ ትቆርጣለች፣ ቅጠሉን ኖራ ትቀባለች፣ ትጠቀልላለች። ቀና እንኳ አላለችም። «አባዬ አትሂድ» እንድትለኝ ጠበቅኩ። ብትለኝም እንደማልቀር አውቃለሁ። በአጎቷና በእህቴ ልጅ ፊት እንዲህ ማለት ሁለቱንም ወገን መናቅ ነው። ቢሆንም ትበለኝና ልሂድ፣ ምናለበት፣ እያልኩ ሆድ ባሰኝ።

ባሏ ባንቴይ ቅርጫቴን እስከ ደረጃው አፍ ተሸከመልኝ። እሱም «የሰው ልጅ» ነው፤ ነገ የሚደርስበትን ዛሬ እኔ ላይ እያየ ነበር።

«አባባ፣ ደረጃው ያዳልጣል፤ ይጠንቀቁ» ብቻ አለኝ። አርባ አራት ዓመት የተመላለስኩበትን ደረጃ!

ሪዳሊን ደረጃውን ልጀምር ስል ደረሰችብኝ። በሙዝ ቅጠል የታሰረ የመንገድ ኩዋይ ብብቴ ሥር ሸጎጠችልኝ።

«በደንብ ያዘው፤ አንዱም እንዳይወድቅብህ» አለችና ፊቷን አዙራ ተመለሰች።

የእኔና የልጄ ስንብት ይኸው ነበር።

እኛ መንገድን የምንለካው በኩዋይ ነው። አንዱን አኝከህ እስክትጨርስ የሄድከው አንድ ኩዋይ ይባላል። እህቴ ቤት ሰባት ኩዋይ ነው፤ በአባቴም ጊዜ ሰባት ነበር። ኪትቦክ ግን ለጥርሱ ሲል አያኝክም፤ የሚያየው የእጅ ሰዓቱን ነው።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው አጎቴ።»

«በማን እግር?»

«በ... በደህና ሰው እግር።»

«እንግዲያው ደህና ሰው ፈልግና አብረኸው ሂድ!»

ምስኪን፣ ቅርጫቴን በግንባሩ ማንገቻ ተሸክሞ ላቡ ይንጠባጠባል፤ እኔ ደግሞ ብሽቀቴን የምወጣው በእሱ ላይ ነው። ወንዙ ላይ ስንደርስ ከሕያው ዛፍ ሥሮች የተጠላለፈው ድልድይ መሃል ቆሜ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከጭጋጉ በላይ የኩዋይ ዛፎቼ ጫፎች ይታያሉ። የእኔ አይደሉም፣ ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ጎበጥ ያለውን፣ መብረቅ የነካውን፣ ሪዳሊን የተወለደች ቀን የተከልኩትን። እንባዬ መጣ። ኪትቦክ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር የለውም ነበር። ከዚያ በኋላ አልተቆጣሁትም።

ሰባተኛውን ኩዋይ ጎርሼ የመጨረሻውን ዳገት ስንያያዘው ጥቅሉን ብነካው ገና ብዙ ቀርቶታል። ልጄ አሳዘነችኝ። እናቷን ቀብራ ሳይቆይ አባቷን ስትሸኝ ቆጠራው ጠፍቷት ነው አልኩ።

እህቴ ትሬሊ በሯ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ስለሆነች ቤቱም ምድጃውም የእሷ ነው፤ ስለዚህም ከቤቱ ርቃ አታድርም፤ ከተወለደችበት ጣሪያ ሥር ነው ያረጀችው።

«ወንድም ጋሼ! ምነው እንዲህ ከሳህ? አያበሉህም ነበር እንዴ?»

«አንቺስ ምነው ወፈርሽ? የእኔን ድርሻ ነው የምትበይው?»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችኝ። ከዚያ ክንዴን ጎትታ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። በልጅነቴ የተኛሁባት ክፍል ወለሏ አዲስ ሳንቃ ሆኗል፤ ወደ ሸለቆው የሚያይ መስኮት ተከፍቶላታል።

«ሳንቃውን ያስጎተትኩት ከድልድዩ ማዶ ነው። እርጅና ላይ እርጥበት ጥሩ አይደለም» አለች። ደስታዋ ፊቷ ላይ እንደ ልጅ ይነበባል። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልኳት፤ ከልቤ ነው። ብቻ መስኮቱ ወደ ሌላኛው ሸለቆ ነው የሚያየው።

ምድጃው አጠገብ ስንቀመጥ የኩዋይ መሶቧን ልታቀርብልኝ እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ የራሴ አለኝ። ሪዳሊን አብዝታው...» ብዬ ጥቅሉን ሰጠኋት።

ፈታችው፤ ምንጣፉ ላይ ደረደረችው። ሰባት ነው። እንደገና ቆጠረችው።

«በመንገድ ስንት አኘክህ?»

«ሰባት።»

«ኪትቦክስ?»

«እሱማ ጥርሱን ለተማሪዎቹ ያስቀምጣል።»

አልሳቀችም። «አሥራ አራት ነው የሰጠችህ» አለች።

«ተሳስታ ነው፤ ሐዘን ላይ እኮ...»

«ተሳስታ? ፍሬ በሺህ እየቆጠረች ያደገች ልጅ አሥራ አራት ላይ ትሳሳታለች? እናንተ ወንዶች ከማኘክ በቀር ምን ታውቃላችሁ!» አንዱን ጥቅል አንስታ ፊቴ ላይ ያዘችው። «እኛ ሴቶች ለዘለቄታው ለምንሸኘው የመሄጃውን ብቻ ነው የምንጠቀልልለት። ሄዶ ለሚመለስ የመሄጃውንም የመመለሻውንም። ልጅህ አጎቷ ፊት አፏን መክፈት አልቻለችም፤ በእጇ ተናገረች። ይኸው፣ 'አባቴን አልለቀቅኩም' ነው የምትለው። የተናገረችውም ለእኔ ነው፤ አንተማ እንደማይገባህ ታውቃለች!»

አልገባኝም ነበር። አኝኬው ነበር እኮ! ዓይኔ ሥር ስትጠቀልልልኝ፣ ስትነግረኝ፣ እኔ ዝም አለችኝ ብዬ ሰባት ኩዋይ ሙሉ ሳማት መጣሁ። ከቀሩት ሰባት አንዱን አንስቼ ጉንጬ ላይ አስደገፍኩት፤ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

ትሬሊ ፊቷን ወደ እሳቱ መለሰች።

«እኔስ?» አለች ቀስ ብላ። «ሁላችሁም ወጣችሁ። እናታችን ሞተች፣ ታላላቆቻችን ሞቱ። አንድ ቀን ደግሞ ስንሻር ይመጣል፣ ሁለታችን እሳት ዳር ተቀምጠን የልጅነታችንን እናወራለን እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«እማዬ፣ እኛ አለንልሽ እኮ» አለ ኪትቦክ።

«አንተ ዝም በል! አንተም የሰው ቤት ነህ!»

ትሬሊ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ፤ አንተ የት መኖር ትፈልጋለህ?»

በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ማንን እንደማገባ እናቴና አጎቴ ወሰኑ፤ የት እንደምተክል ድሮሲላ ወሰነች፤ እንድሄድ ስኬም ወሰነ። እህቴን አየኋት፣ ያን ሁሉ ሳንቃ ከማዶ ያስጎተተችውን። ልዋሻት ፈለግኩ፣ አልቻልኩም።

«ከሪዳሊን ጋር» አልኩ። «ግን አንቺንም...»

«ግንህን ተወው። ሰማሁ» አለች።

ያን ቀን ብዙም አላናገረችኝም። በማግስቱ ግን ማለዳ ቀሰቀሰችኝና ስለ እናታችን ማውራት ጀመረች፤ ስድስት ቀን ሙሉ አወራን። አባታችን ከንብ ሸሽቶ ወንዝ የገባበትን ቀን ሦስት ጊዜ አነሳነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳቅን። አዲሱ ወለል ላይ ደህና አድርጌ ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ትሬሊ ምድጃዋ ዳር ተቀምጣ ፍሬ መቁረጥ ጀመረች። አንዱን በጠቀለለች ቁጥር ጮክ ብላ ትቆጥራለች።

«አንድ! ሰምተሃል? ሁለት!»

«ምን ያስጮህሻል?»

«ወንድ ስለሆንክ እንዳያመልጥህ ነዋ! ሦስት!»

እንዲህ እያለች አሥራ አራት ደረሰች። በቅጠል አስራ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰባቱ ወደ ልጅህ፣ ሰባቱ ወደ እኔ። ለሪዳሊን መልእክትሽ ደርሶኛል በላት። እኔም አልለቀቅኩትም በላት። ስኬም የሚያጉረመርም ከሆነ ወደ እኔ ይምጣ፤ እኔ አነጋግረዋለሁ። ስትሞት አጥንትህ እናታችን ከተቀበረችበት የወገናችን ድንጋይ ሥር ነው የሚገባው፤ እሱ አያከራክርም። እስከዚያ ግን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ትመጣለህ።»

«እሺ።»

«ብቻ መንገድ ላይ እንዳትሞት! ከልጅህ ጋር ታጣላኛለህ።»

«ድልድዩ መሃል ላይስ?»

«ወንድም ጋሼ!» ብላ ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ፤ ከዚያ ያንኑ ትከሻ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እኔን ላለመልቀቅ ሁለት ቤት ሲሻማ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሊያደርሰኝ ከሚስቱ ቤት የመጣው ኪትቦክ ቅርጫቴን እንደገና ግንባሩ ላይ አነገተ፤ ለምን ተመለስን ብሎ አልጠየቀም። ትሬሊ ደፏን አልፋ፣ ግቢዋን አልፋ፣ እስከ መንደሯ ደረጃ አፍ ሸኘችን። አሥር ደረጃ ያህል ወርጄ ዞር ብል አሁንም ቆማለች።

«ቶሎ ና!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ገና መች ሄድኩና!» አልኳት።