ቤንዚን ሲያመሰግን

የጋራዡ ኤሌትሪሺያን ጠረጴዛ ባዶ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑ የለም። ቱታው ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት የግራሶ ነጠብጣብ እንኳ አልቀረችበትም።

አለቃው ቤንዚን አየውና ዝም አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይጮኻል፣ መፍቻ ይወረውራል፣ ሻዩን ሳይጠጣ ይረሳዋል። ዝም ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሠራተኛው ሁሉ አንድ የሚያነሣው ዕቃ እየፈለገ ከመንገዱ ዞር ዞር አለ።

የጋራዡን ባለቤትና ዋና መካኒክ ቤንዚን ያሉት ለመቀጣጠል ክብሪት እንኳ ስለማይፈልግ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው፤ ቤንዚን የሚሆነው ጀርባውን ሲሰጥ ነው። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና እንጂ ሰው አመስግኖ አያውቅም። «አቤት ሞተር! እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ይላል፣ ሞተሩን የሠራው ልጅ አፍንጫው ሥር ቆሞ እያለ። ሰውን ሲወድ ይሰድባል። በያጁን «አንተ የቆርቆሮ ጠላት» ካለው በያጁ ደረቱን ነፍቶ ይውላል። በተቃራኒው ረጋ ብሎ፣ በትሕትና፣ «እናመሰግናለን» ያለው ሰው አለቀለት፤ ዕቃውን ቢሰበስብ ይሻለዋል። የጋራዡ ሰው ይህን የሚያውቀው እንደ ገዛ ስሙ ነው። በስልክ የከፈቱት የሠራተኞች ቡድንም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስድብ በስድብ፣ ሳቅ በሳቅ ነው።

ኤሌትሪሺያኑ ግን ከሌላ አገር፣ ከሌላ ቋንቋ የመጣ፣ አርባውን ያለፈ ሰው ነበር። ቋንቋውን የተማረው ከሬዲዮ ነው። «እባክዎ ባለ አሥራ ሦስቱን መፍቻ ቢያቀብሉኝ» ይላል፣ ለጎሚስታው። በዚያው «ዜና» ብለውት ቀረ። እሱም «አቤት» ይላል፤ ስድቡን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ቡድኑ ላይ የሚጻፈውንም አንድ ሳያስቀር ያነባል። ሰባት ወር እንዲህ ሠራ። የሚከፋው ይኑር አይኑር የጠየቀው ሰው የለም። ማን ሊጠይቅ! ሁሉም ሲስቅ የሚስቅ መስሏቸዋል።

ቤንዚን ደግሞ ለማንም ያልተነፈሳት አንድ ነገር ነበረችው። ዓይኑ እየደከመ ነው። ቀዩን ሽቦ ከቡናማው መለየት ካቃተው ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ሽቦ አሳስቶ የሰው መኪና ሊያቃጥል ነው፤ ያን ጊዜ ጋራዡም ያከትምለታል። እጁ የሚታመን ሰው ሲፈልግ ዜና መጣለት። በልቡ ሁሉን ነገር ሊያስረክበው ከወሰነ ቆይቷል። ለዜና ግን አልነገረውም።

ከዚያ የትናንቱ ነገር መጣ። የአንድ ክሊኒክ አምቡላንስ ሦስት ሳምንት ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ይነሣና ይጠፋል፣ ይነሣና ይጠፋል። ያልሞከረ መካኒክ የለም። ዜና ትናንት ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ተልጦ ብረት የሚነካ ሽቦ አግኝቶ ወጣ። አምቡላንሱ ተነሣ፣ አልጠፋም። ቤንዚንን ደስታው የሚያደርገውን አሳጣው። ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ፣ በአንድ ጣቱ እየነካካ ቡድኑ ላይ ጻፈ፦

«ይሄን ሰውዬ ማነው ያመጣብን? ጉሮሯችንን ሊዘጋ ነው የመጣው! ነገ ዕቃውን ይዞ ይውጣልን፣ ዓይኑን ማየት አልፈልግም!»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። በያጁ ቅናት ቢጤ እየሸነቆጠው «ይባረር!» ሲል ጻፈ። ጎሚስታው «በሩን እኔ እከፍትለታለሁ» አለ። ጸሐፊዋ የሳቅ ፊት ደረደረች። ዜና የመለሰው አንድ መስመር ነው፦

«ገባኝ። አመሰግናለሁ።»

«ለካ ጨዋታ ያውቃል!» ብሎ ቤንዚን ከት ብሎ ሳቀ።

ዛሬ እንግዲህ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

ቤንዚን ባዶውን ጠረጴዛ እያየ የመጣለት አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፦ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ አስኮብልሎታል። ትናንት ሲሞገስ ውሎ፣ ዛሬ ሹልክ! ደሙ ፈላ። ስልኩን አወጣና ለጠላቱ ብቻ የሚያወጣትን ትሕትና አወጣት።

«ክቡር ሆይ፣ ላበረከቱት አገልግሎት ጋራዡ ከልብ ያመሰግንዎታል። በሄዱበት ሁሉ መልካሙ ይግጠምዎ።»

ሠራተኛው በየስልኩ አነበበው። ጎሚስታው ጎማውን ለቀቀው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ ሲወርድ አይቶ የሚያውቅ የለም። መልሱ ቆየት ብሎ መጣ፤ ረጅም ነበር።

«የተከበሩ ጋሼ፣ ሰባት ወር ከእርስዎ አንዲት መልካም ቃል ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አገኘኋት። ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዛ በወሩ መጨረሻ ልትመጣልኝ ነበር። ትናንት ሲያባርሩኝ እንዳትመጣ ነገርኳት፤ ምን አጥፍተህ ነው ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። አሁን ይህን ደብዳቤዎን በስልክ አነበብኩላት፣ አለቀሰች። እኔም አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቅሬታ ሳይኖረኝ እሄዳለሁ። የአምቡላንሱን ሌላ ሽቦ አደራ ይዩት፤ እሱም ሊላጥ ነው። ቀዩን ሳይሆን ቡናማውን።»

ቤንዚን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማነው ያባረረው?» ብሎ ጮኸ። «ማነው ይሄን ሰው ያባረረው?»

ጸሐፊዋ ከቢሮዋ ወጣች። «እርስዎ ነዎታ ጋሼ። ትናንት፣ በጽሑፍ።»

«እሱማ ማመስገኔ ነው!»

«እኛማ እናውቃለን። እሱ በምን ይወቀው?»

«ሰባት ወር ሙሉ አብሮን ውሎ?»

«ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሰው ነግሮታል?»

ቤንዚን ስልኩን ጸሐፊዋ እጅ ላይ ጣለው። ከዚያ በሁሉም ላይ ዞረ። «አንተ፣ ይባረር ያልክ! አንተ፣ በር ከፋቹ! ምን የሚያስቅ ነገር አይታችሁ ነው? ሰው ቤቱን አፍርሶ ሲሄድ ጥርሳችሁን ታሰጣላችሁ!» መፍቻ አንሥቶ ወረወረ፤ ግድግዳውን መታ። ከሁሉም በላይ የተናደደው በራሱ ነበር፤ ራሱ ላይ ግን መፍቻ አይወረወርም።

ጸሐፊዋ ስልኩን እጁ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት። «አውቶቡሱ ሳይርቅ በቀጥታ ይጻፉለት። ስድብ የለ፣ ትሕትና የለ። ልብዎ ያለውን ብቻ።»

ቀላል መስሏት ነው። ቤንዚን ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጻፈ፣ አጠፋው። ጻፈ፣ ስድብ ገባበት፣ አጠፋው። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ለገዛ ልጁ እንኳ ብሎት የማያውቀውን ነገር ነው በአንድ ጣት የሚጽፈው።

በያጁ በዚህ መሃል ግቢው ጥግ ሄዶ ለዜና ደወለ። ወሬ ለማቃጠር አይደለም፤ ጸጽቶት ነው። «ስማኝ ወንድሜ፣ አልተባረርክም! ጋሼ የሚለውን ሁልጊዜ ገልብጠህ ነው የምትሰማው። ከሰደበህ ወዶሃል። ካመሰገነህ ነው ጉድህ የፈላው።»

«እንግዲያውስ» አለ ዜና በዚያ በሬዲዮ አነጋገሩ፣ «የዛሬው ደብዳቤ እንዴት ይተረጎማል?»

በያጁ ያን ጊዜ ነው የሠራው ሥራ የገባው። ሲንተባተብ ስልኩ ተዘጋ።

ቤንዚን ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ላከ። ቡድኑ ላይ፣ ሁሉም እያየ፦

«አንተ ጎበዝ ነህ። እንዳንተ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ዓይኔ ደክሟል፣ ሽቦ አይታየኝም፣ ያላንተ አልችልም። ጋራዡን ላንተ ነው ያሰብኩት። ሚስትህ ትምጣ። ተመለስ።»

ጎሚስታው ሲያነብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በያጁ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

መልሱ መጣ፦

«ገባኝ። አመሰግናለሁ።»

ከሥሩ ደግሞ ስልኩ ራሱ የጻፈው መስመር ነበር፤ ዜና ከቡድኑ ወጥቷል። ቤንዚን ደወለ። ዝግ ነው። እንደገና ደወለ። ዝግ ነው።

«ምኑ ነው የገባው?» አለ ከቢሮው እየወጣ። «ምኑ ነው የሚገባው ይሄ ሰውዬ? እንደ ሕፃን ልጅ አስረድቼ ጽፌለት!»

«ጋሼ» አለ በያጁ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ገልብጠህ ስማው ብዬው ነበር።»

ሁሉም መፍቻውን ጠበቀ። ቤንዚን አላነሣም። የእጅ ባትሪውን ይዞ ወደ አምቡላንሱ ሄደ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋደመ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አስጠጋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ።

«የቱ ነው ቡናማው?» አለ።

በያጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየው።

«እናመሰግናለን» አለ ቤንዚን፣ ረጋ ብሎ።

በያጁ እዚያው እንደጎነበሰ ቀረ። ዕቃውን መሰብሰብ ይኑርበት አይኑርበት አላወቀም።