ቀረሮው ሥር የወደቀው ሽቦ

ችግሩ ከየት ነው? ከኮምፒውተሩ፣ ከራውተሩ፣ ወይስ ከመስመሩ?

ለቃለ መጠይቁ አርባ ደቂቃ ቀርቶኛል። አንካራ ስድስት ዓመት ኔትወርክ ተምሬ ቦንጋ ከተመለስኩ ስምንት ወሬ ነው፤ ሥራውን ካገኘሁ ተመልሼ እሄዳለሁ። መሄዱን እፈልገው አልፈልገው እንጃ። ዕድሉ እንዲያመልጠኝ ግን አልፈልግም።

ኮምፒውተሩ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የራውተሩ መብራቶች በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። አላመንኳቸውም፤ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። የስልኬ ዳታ ድምፅ እንኳ አይሸከምም። መስመሩን ልፈትሽ ብዬ ወጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር፣ ጥቁር ሽቦ በገጀራ ተቆርጦ ወድቋል። የተቆረጠው ጫፍ ገና ያብለጨልጫል።

ዛፉ የታላቅ ወንድሜ የለገሰ ነው። እኛ ዘንድ አባት ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ የወረሰው ልጅ ካልፈቀደ፣ ማንም ቅርንጫፉ ላይ ክር አያስርም። ለገሰ ትናንት እራት ላይ «ደግሞ ልትሄድ ነው?» ብሎኝ ነበር። «አዎ፣ ጋሼ» ስለው ዝም አለ። ዝምታው ትዝ አለኝ። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

መጥረቢያ አምጥቼ ቀፎው የተንጠለጠለበትን ገመድ በጠስኩት። ቀፎው ወርዶ መሬት ላይ ተሰነጠቀ።

ለገሰ ከጓሮ ሮጦ መጣ። «ምን ነካህ? የአባባን ቀፎ?»

«መስመሬን ቆርጠህ ልታስቀረኝ ነው?» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«ያ ሽቦ እኮ...»

በመጥረቢያው ጀርባ መንጋጋውን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ወድቆ በእጁና በጉልበቱ ሲነሳ ጎኑን ረገጥኩት፤ አሁንም ረገጥኩት። እግሬን ይዞ ጣለኝና ጉሮሮዬን አነቀ፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ይንጠባጠባል። ንቦቹ ሁለታችንንም ይነድፉናል። የተሰበረውን መንጋጋ በቡጢ ስመታው እጁ ላላ። ከዚያም በኋላ መታሁት።

ሚስቱ በዛወርቅ የሚጨስ ሣር ይዛ ደረሰች። ንቦቹን ካባረረች በኋላ ሽቦውንም፣ ባሏንም፣ እኔንም አየች።

«ይሄ የአባታችሁ የድሮ ስልክ ሽቦ ነው» አለች። «መስመሩ ከሞተ ስንት ዓመቱ። የንቦቹ መውጫ ላይ እየተወዛወዘ ቢያስቸግር ዛሬ ጠዋት ቆረጠው። ያንተ መስመር በአጥሩ ላይ ነው የሚያልፈው። በቅርቡ አንተ ለጉዳይ ጅማ ሄደህ ሳለህ ለምሰሶው ግንድ ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ የተከለልህ እሱ ነው።»

ጎረቤቶች በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱት። አብሬ ልሄድ ስል በዛወርቅ የግቢው በር ላይ በእጇ ገፍታ መለሰችኝ።

ቤት ገብቼ ደም በነካው እጄ የኮምፒውተሩን ቅንብር ከፈትኩ። ትናንት ለሙከራ ብዬ በእጄ ያስገባሁት የማይለወጥ የአይፒ አድራሻ እዚያው ተቀምጧል፤ ማንሳቱን ረስቼው ነበር። ተማሪ ሳለን መጀመሪያ የሚያስፈትሹን እሱን ነበር። ኮምፒውተሩ አድራሻውን ከራውተሩ ራሱ እንዲወስድ አደረግሁት። አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ኢንተርኔቱ መጣ። ቃለ መጠይቁ ሊጀመር አራት ደቂቃ ይቀራል።

ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ በኮምፒውተሩ ደወሉ። ጥሪው እስኪያበቃ ጮኸ፤ አላነሳሁትም።

ለለገሰ ጻፍኩለት፦ «ጋሼ፣ መስመሩ ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኔው ነው። ቀፎውን ልጠግነው?»

መድረሱን፣ ቆይቶም መነበቡን አየሁ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው። መንጋጋው ድኖ ይናገራል አሉ፤ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ሲስቅ ያዩትም አሉ። ለእኔ ግን አልመለሰልኝም።