ሳንቃ ተቀባይ

“ውጣ ልበለው?” አላት ወንድሟ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ።

ወደ በሩ አየች። እጇ ላይ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል፤ ማን እንዳቀበላት አታስታውስም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሰው ይገባል፣ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ይላል፣ ይወጣል። እሷም “አሜን” ትላለች። እንባ ግን እንቢ ብሏታል። አሁን ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ የቆመው የባሏ የቀድሞ ሸሪክ ነው።

“በምን ዓይኑ መጣ ደግሞ!” አለች ጎረቤቷ፣ ለሹክሹክታ ከፍ ባለ ድምፅ።

ባሏና ይህ ሰው አናጢዎች ነበሩ፤ አንድ ዎርክሾፕ ነበራቸው። ለቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች ሲሠሩ ሸሪኩ ቸኩሎ ያልደረቀ እንጨት አስገባ። ወንበሮቹ ሲጣመሙ ጥፋቱን በባሏ ላይ አላከከ። ባሏ መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ አነጋገረው፤ ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሄደ። ሰውየው ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ዎርክሾፑን በቆርቆሮ ለሁለት ከፈሉት፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

መላጊያ ማሽኑ በሸሪኩ በኩል ቀረ። ረጅም ሳንቃ ሲላግ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው በወዲያ በኩል ይቀበላል፤ ተቀባይ ከሌለ ጫፉ ይበላሻል። ባሏ የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ ሥራውን አስቀምጦ ይሄዳል፣ ሳንቃውን ይቀበላል፣ ዝም ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት ሄዳ ይህንን አየችና ደሟ ፈላ።

“ስምህን ላጠፋው ሰው? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?”

“ጠላትህን ውደድ ነው የተባልኩት።” ከፀጉሩ ላይ ብናኙን አራገፈ። “መውደዱ ገና አልመጣልኝም። እስኪመጣ ሳንቃውን ልያዝለት።”

“አመሰግናለሁ እንኳ ይልሃል?”

“እሱ? ማሽኑ ይሻላል፤ ቢያንስ ያጉረመርማል።”

ባሏ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ያ ሰው ደጄን አይረግጥም ብላ የማለችው ያን ዕለት ነበር።

አሁን ሻዩን እንደያዘች ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

“ምን ፈልገህ ነው?”

“ዛሬ ጠዋት ማሽኑን አበራሁት” አለ ሸሪኩ። “ሳላስበው። ሳንቃውን ገፋሁ፣ ገፋሁ… መሬት ወደቀ።”

“እና?” አለችው።

“ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ ነው የመጣሁት። እርጥቡን እንጨት ያስገባሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።”

“አሁን? ማን እንዲሰማህ ብለህ?”

“እሱ እያለ አቃተኝ።”

ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ነበር። ንዴቷን ፈለገችው፤ የለም። ደስታም የለም። ውስጧ ባዶ ነው።

በዚህ መሃል ሌሎች ለቀስተኞች ደረሱ። “መቀመጫ የለም፤ ያንን አግዳሚ አስገቡት” አለ ወንድሟ ወደ ግቢው እየጠቆመ። አግዳሚው ባሏ የሠራው ነው። ሸሪኩ ቀደም ብሎ አንዱን ጫፍ አነሳ። ሌላውን ጫፍ የሚያነሳ ጠፋ፤ ወንዶቹ ሁሉ ቆመው ያዩታል። ጎንብሶ ቀረ፤ አላስቀመጠውም።

“ተወው አንተ፣ እኛ እናስገባዋለን!” አለ ወንድሟ።

ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀችና ሄዳ ሌላውን ጫፍ አነሳች። ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ የበሩን ደፍ በእግሯ እየፈለገች ወደ ኋላ ሄደች።

“ግፋ” አለችው። “ይዤዋለሁ።”