ባለዘፈኗ

ማናልበሽ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስትገባ የሴቶቹ ሹክሹክታ ቀጥ አለ።

«ባለዘፈኗ መጣች» አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት።

ሮቤ ገበያ ከጎኗ የምትነግደው ረቢያ እጇን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት። «ለአላህ ብለሽ ተይው። ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ አቦ።»

«እሱ የቁም ሙት ሲያደርገኝ ማን ተው አለው?»

እውነቷን ነው። ሟቹ ዘፋኝ እሸቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሠርጉ በአንድ ዘፈን ሲያስጨፍር ኖሯል። ባሌ ውስጥ ያልሰማው ሹፌር የለም።

ከሹፌር ተሳፍራ ወደ ጎሮ ወርዳ፣
ልቤን ጥላው ሄደች ቆጥራው እንደ ባዳ።

ከሲናና ሊያጯት የመጡ ሽማግሌዎች የዘፈኑ ሴት እሷ መሆኗ ሲነገራቸው ሳይቀመጡ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በሯን ያንኳኳ ወንድ የለም።

እውነቱማ ሌላ ነበር። እሸቴ ለእሷ ቀለበት አስሮ፣ ትንሽ ጠብቂኝ እያለ፣ ጎባ ሌላ ሙሽራ አጨ። ይህን በሰው አፍ ስትሰማ ነው በስንዴ መኪና ተሳፍራ ጎሮ አክስቷ ዘንድ የሄደችው። ሹፌሩም የስድሳ ዓመት አዛውንት ነበሩ። እሸቴ ነውሩን ገልብጦ አሸከማት፣ እንጀራውንም በላበት።

ዛሬ ሣልስቱ ነው። አስለቃሿ እማማ እናኑ ደረት እያስመቱ፣ «ግጥም ያላት ትበል» አሉ። ለቅሶ ላይ የተባለ ግጥም አይመለስም፤ ሴቶቹ ይቀበሉታል፣ አገር ይዞት ይሄዳል። ማናልበሽ ዛሬ ዝም ካለች ስሟ እንደጠፋ መቅረቱ ነው። ተነሣች።

«እኔን ሮቤ ትተህ፣ ጎባ ስትሞሸር፣»

ደረት የሚመታው እጅ ሁሉ ቆመ። ያቺ የጎባ ሙሽራ፣ የዛሬዋ ባልቴት አሰፋች፣ የተቧጠጠ ፊቷን ቀና አደረገች።

«ይህችን ሴት አስወጡልኝ» አለ ወንድሟ ከበሩ።

ማናልበሽ ሁለተኛውን ስንኝ ስንት ዓመት ስታበጃጀው ኖራለች። አሁን ግን ያንን ፊት ስታይ ተወችው። ይህችስ ምን በደለች? ቢነግሯት ኖሮ እሺ ትል ነበር?

አሰፋች ወንድሟን በእጇ ዝም አሰኘችውና በሰለለ ድምፅ የግጥሙን ቤት ራሷ ደፋችው፤

«የካደስ እሱ ነው፣ እኔ ነኝ ምስክር።»

«ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ነግሮኛል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እኔው ከድቼ እሷን አሰደብኳት ብሎ አልቅሷል።»

እማማ እናኑ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ግጥሙን አነሱት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ ድንኳኑ ሙሉ አዜመው።

ማናልበሽ ይህን ቀን ስታስበው ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። አሁን ግን ማልቀስ አማራት። ያንን ቀጣፊ ትወደው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልወጣላትም። ለእሱ ማልቀስ ግን ከዳተኛ ለተባለች ሴት አይፈቀድም ነበር።

አሰፋች የሟች የቅርብ ዘመድ ብቻ ከሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ማናልበሽ ጫማዋን አወለቀች።