ይታይ፣ ይብራራ፣ ይቅር

ማክሰኞ ጠዋት አርታኢው እንግዳ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለው ቢሮው ገብቶ ቴሌግራሙን ሲከፍት፣ ለላከው እርማት ከዓምድ ጸሐፊ ሞልቱ የመጣው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «እሺ። ይቅር።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወረቀት አወጣና ሊሆኑ የሚችሉትን ፍቺዎች በተራ ጻፈ። አንደኛ፦ ይቅር የተባሉት ዓረፍተ ነገሮች ወጥተዋል። ሁለተኛ፦ ጥፋትህን ይቅር ብያለሁ። ሦስተኛ፦ ጽሑፉም ሥራውም ይቅር፣ ደህና ሁን። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

እንግዳ «ጓሮ» በተባለች ወርሃዊ መጽሔት ውስጥ የፍሪላንስ ጸሐፊዎችን ሥራ የሚከታተል አርታኢ ነው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ የወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠርቷል። ስሕተት በማግኘት የሚተካከለው የለም፤ ሰው ማቆየት ላይ ግን አልተሳካለትም። በአንድ ዓመት ሁለት ጸሐፊዎች ጥለውት ሄደዋል። ዋና አዘጋጇ ወይዘሮ ውዳሴ ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነግራዋለች።

«ሞልቱንም ካጣን የአትክልት ዓምዱን ራስህ ትጽፈዋለህ።»

አንድ ጊዜ ሞክሮት ያውቃል። «ቲማቲም ዘጠና አራት በመቶ ውሃ ነው» ብሎ ጀመረና እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ዓረፍተ ነገር አልመጣለትም። መጽሔቷ ደግሞ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ትገባለች።

ሁለቱ ጸሐፊዎች ለምን እንደሄዱ በደንብ አጥንቷል። አቶ አምሐ ጡረተኛ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። የቴሌግራም ፎቷቸው የልጅ ልጃቸው ስለነበር እንግዳ «አንተ፣ ይህን አስተካክለው» ብሎ ጻፈላቸው። ሚካል ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ከመጀመሪያው ስሕተቱ ተምሮ «እርስዎ» ሲላት፣ «አሮጊት መሰልኩህ እንዴ?» ብላ ዘጋችው። እንግዳ ከሁለቱ ናሙናዎች አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፦ ችግሩ ያለው ተውላጠ ስሙ ላይ ነው።

ሞልቱ ስትመጣ ወይም ሲመጣ ወይም ሲመጡ፣ የቴሌግራሙ ፎቶ ላም ነበር። ስለዚህ እንግዳ ማንንም የማይጠራ ግስ መረጠ። ሰባት ወር ሙሉ በጽሑፎቹ ጠርዝ ላይ «ይታይ»፣ «ይብራራ»፣ «ይቅር» እያለ ሲጽፍ ኖረ። ስልክ ደውሎም አያውቅም፤ ከ«ሄሎ» ቀጥሎ ያለው ቃል ያስፈራዋል። ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ ደወለ። አይነሳም።

መጽሔቷ በየወሩ ለሞልቱ የምትላክበትን አድራሻና አስተያየቱን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ በታክሲ ለቡ መብራት ኃይል ወረደ። ከአፓርታማዎቹ ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ አገኘ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በማጭድ ሣር ያጭዳሉ።

«ጤና ይስጥልኝ። እንግዳ ነኝ።»

«እሱንማ እያየሁ ነው። ስምህስ?»

«ስሜ ነው። ከ‹ጓሮ› መጽሔት።»

ሰውዬው ማጭዳቸውን አስቀመጡ። ሞልቱ እሳቸው መስለውት፣ እንግዳ ታክሲው ውስጥ የተለማመደውን በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው፦ «በአስተያየቱ ቅሬታ ካለ ይነገር። ቅር አይባል። ጽሑፉ በጣም የሚፈለግ ነው፤ ሥራው እንዳይቋረጥ፣ እባክ… እባክ…» እዚህ ላይ ተሰናከለ። «እባክህ» ወይስ «እባክዎ»?

«ቀጥል፣ ቀጥል፤ ደስ ይላል» አሉት ሰውዬው።

«ጨርሻለሁ።»

«እኔ በንቲ ነኝ። ሞልቱ ባለቤቴ ናት።» ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። «አንቺ! ማስታወቂያ ሰሌዳው በእግሩ መጣልሽ!»

መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ወጣች። እንግዳ ዕድሜዋን ገመተ፤ ከእሱ ሁለት ዓመት ብትበልጥ ወይም ሁለት ዓመት ብታንስ ነው። ለመጥራት ከዚህ የባሰ ዕድሜ አልነበረም።

«አንተ ነህ እንግዳ? እኔ እኮ መሥሪያ ቤት መስለኸኝ ነበር» አለች። «ሰባት ወር! ሰው ‹ሞልቱ፣ እንዴት ሰነበትሽ› አይልም? አሥራ አንድ ቦታ ‹ይቅር›! እኔም ሁሉም ይቅር አልኩ።»

ሦስተኛው ፍቺ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ… ምን ይባል?»

«ይኸው! አሁንም ‹ይባል›!»

በንቲ አጎንብሰው በሣሩ መሐል ሳቁ። እንግዳ ሌላ መውጫ ስላልነበረው ስለ አቶ አምሐና ስለ ሚካል አንድም ሳያስቀር ነገራት።

«መጠየቅ አይቀልም ነበር?» አለች ሞልቱ። «ደግሞ ስለ አጠራሩ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ‹ይህ ጥሩ ነው› ብለኸኝ አታውቅም።»

«ላቦራቶሪ ውስጥ ጥሩው ወተት ላይ ምንም አንጽፍም። ዝም ብሎ ያልፋል።»

«እኔ ወተት አይደለሁማ!»

«ልክ ነሽ» አለ እንግዳ። ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። ደንግጦ አያት። ምንም አልሆነችም።

«በል ግባ፣ ወረቀቱን አምጣው። አሥራ አንዱንም እየተናገርክ አሳየኝ።»

በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አሥሩን ምክንያቱን እየሰማች ተስማማች፤ ሁለቱን እንዲያውም «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። አሥራ አንደኛው ላይ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች። ላሟ ወደ አፓርታማው መኪና ማቆሚያ ስትገባ ጥበቃው ዞሮ ከኋላዋ ታርጋ የፈለገበት ቦታ ነበር።

«ይህ አይወጣም። በእኔው ላም የደረሰ ነው።»

«ከአትክልት ጋር ግንኙነት የለውም» አለ እንግዳ።

«አንብበኸዋል? ወይስ መርምረኸዋል?»

እንደገና አነበበው። ጥበቃው «ታርጋ ከሌላት በሰዓት አልመዘግባትም» የሚልበት መስመር ላይ ሲደርስ ከአፍንጫው ድምፅ አመለጠው። አፉን ሸፈነ። ግን ዘግይቷል፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«የት ጋ ነው የሳቅከው?»

«እዚህ። ሦስተኛው መስመር ላይ።»

«እዚያው ጻፈው እንግዲህ።»

እንግዳ እስክሪብቶ አወጣ። ጠርዙ ላይ በጥንቃቄ፣ ፊደሉ እንዳይጣመም አድርጎ ጻፈ፦ «ሞልቱ፣ እዚህ ላይ ሳቅሁ። አንቺም ስትጽፊው ሳቅሽ?»

ሞልቱ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበችው። እስክሪብቶውን ተቀበለችውና ከሥሩ መልስ ጻፈች፦ «ሁለት ቀን ሙሉ ሳቅሁ። የተስተካከለው ነገ ጠዋት ይደርስሃል።»