ዝሆኗን ማን ያጠጣት?

ማዱራይ ከተማ ውስጥ ለልጆች እንቆቅልሽ የሚስል ሰው ከተፈለገ እኔ ቫዲቩ አለሁ። ይህን ስል አላፍርም። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በምናወጣው የሥዕል ታሪክና የእንቆቅልሽ መድበል ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ስያለሁ፤ አንድም ልጅ "ተሳስተዋል" ብሎኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን አለቃችን ሴንቲል ለሽፋኑ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ከሌላ ቦታ ሊያዝዝ ተነሣ። ተሟግቼ የእኔን አስገባሁ። እሱም አንድ ነገር ጠየቀ፤ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት አንድ ልጅ ይሞክረው፣ ካልሠራ የኮምፒውተሩ ይገባል፣ እኔም ከእንግዲህ ሽፋን አልነካም። ሳቅሁና እሺ አልኩ።

የሳልኩት ዝሆን ነው። በተጠማዘዙ መንገዶች ዞራ ዞራ ኩሬው ጋ ትደርስና ትጠጣለች፤ ትክክለኛውን መንገድ በእርሳስ ፈልጎ የሚያደርሳት ልጁ ነው። ሞካሪዋ የመጽሐፍ ጠራዣችን ልጅ ኢላኪያ ነበረች፤ አሥር ዓመቷ ነው። ሙሩኩ የሚባለውን የሩዝ ዱቄት ጥብስ እየቆረጠመች እርሳሱን ያዘች።

"አክስቴ፣ መንገድ የለውም" አለች ቆይታ።

"ዓይንሽ ከሙሩኩው ላይ ነዋ! ደግመሽ ሞክሪ።"

"ሦስቴ ሞከርኩ። ዝሆኗ በውሃ ጥም ልትሞትብኝ ነው።"

"ስሚ አንቺ፣ እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንቺ የት ነበርሽ?"

"ይኸው እኔስ መጣሁ። መንገዱ ነው ያልመጣው።"

ሴንቲል ከት ብሎ ሳቀ። ላሳያት እርሳሱን ነጠቅኳትና ገባሁ። ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፤ ኩሬው ዳር ደረስኩ። እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ። ኩሬው ዙሪያውን ድፍን ነው፤ መግቢያ የሚባል ነገር የለውም።

"እትዬ ቫዲቩ፣ ዝሆኗ ጠጣች?" አለ ሴንቲል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ ደጃፌ ላይ በሩዝ ዱቄት ነጥብ ነጥብ አድርጌ ኮላም የሚባለውን የበረከት ሥዕል እስላለሁ። መስመሩ ነጥቦቹን ሁሉ ዞሮ ከተነሣበት መመለስ አለበት። ክፍት ከተውኩት እናቴ "በረከቱን አፈሰስሽው!" ብላ እጄን በጥፊ ትለኝ ነበር። ይኸው የተገራ እጄ እኔን ሳያማክር የኩሬውን መግቢያ ዘግቶታል።

"ቀለሙ ፈሶ ነው" ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ግን ታየኛለች።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አልኩ። "እጄ ኮላም መስሎት ነው።" አፈርኩ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ሴንቲል የኮምፒውተሩን ሥዕል ሊያዝዝ ስልኩን አነሣ። ይህን ጊዜ ኢላኪያ ገጹን ወደ ራሷ ጎተተችና እርሳሷን የኩሬውን ግድግዳ አሳልፋ እስከ ውሃው ሰደደችው።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሥዕሉን አበላሸሽው እኮ!" አለ።

"ዝሆን አይደለች እንዴ? ግድግዳ ምኗ ነው!"

ሴንቲል ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። እኔ የልጅቷን የእርሳስ መስመር በላጲስ አጥፍቼ ከሥዕሉ ሥር አዲስ ጥያቄ ጻፍኩ፤ "ወደ ውሃው መግቢያ የለም። ዝሆኗ የቱን ግድግዳ ታፍርስ?"

"ይሄንን ኮምፒውተር አያስበውም" አለ አንብቦ።

"እኔም አላሰብኩትም" አልኩት። ከሽፋኑ ግርጌ የሁልጊዜ ቦታዬ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ የኢላኪያን ግን ከእኔ በላይ አደረግሁት።