ያልለሰለሰው ክዳን

«እስቲ ትንሽ እረፍ፣ ባፉር» አለች ሰርዋ።

አልሰማትም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ። በታላቅ ወንድሙ የሬሳ ሳጥን ላይ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ኦዱም ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የሚነሳው ብናኝ እስከ ለቀስተኞቹ ወንበር ይደርሳል። ከዚያ ሳለ። ሰርዋ ሳሉን ታውቀዋለች፤ የሟቹ የባሏ ሳል ነው።

ቀይና ጥቁር የለበሱት ለቀስተኞች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው መቼም ሁሉም ሐኪም ነው።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ» ትላለች አንዷ።

«ምን ነቀርሳ! የገበያው አናጢዎች ቀንተው መተት አስደርገውበት ነው እንጂ።»

ሰርዋ ግን ባሏን ምን እንደገደለው ታውቃለች፤ የእሷም እጅ እንዳለበት ታምናለች።

ባሏ አጄማንግ ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲያለሰልስ አፍንጫውን ሸፍኖ አያውቅም። ሥራ ሲያበቃ ግን እንደ ኩማሲ ከተማ አናጢዎች ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ወተት ይጠጣ ነበር። «ብናኙን አጥቦ ያወርደዋል» ይል ነበር። ቆርቆሮውን የምትከፍትለት እሷ ነበረች፤ ሳሉ ሲብስበት ሁለተኛ ትጨምርለት ነበር። ሐኪሙ አፍና አፍንጫህን ሸፍን ሲለው «ፊቱን ሸፍኖ የሚሠራ ሌባ ነው» ብሎ መለሰ። እሷም አብራው ሳቀች። ኋላ መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ሲተኛ ወተቱን ይዛ ሄደች። ነርሷ አይታ «እናቴ፣ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው እኮ፤ ሳንባ ውስጥ አይገባም» አለቻት። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ባፉር እንደገና ሳለ። አሁንስ ክዳኑን ተደገፈ። አክስቱ ወይዘሮ አሞዋ የተከፈተ የወተት ቆርቆሮ ይዘው መጡ።

«እንካ ልጄ፣ ያጥብልህ።»

ሰርዋ ብድግ ብላ ቆርቆሮውን ከእጃቸው ነጠቀች። «አያጥብም! አጄማንግን አጠበው?»

የቤተሰቡ ሽማግሌ ኦፓኒን ዶንኮር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ ሴት፣ አደብ ግዢ። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። አናጢ በሻካራ ሳጥን ተቀብሮ ከተማው ይሳቅብን?»

«ይሳቅ!»

«ልጨርሰው፣ እትዬ» አለ ባፉር እያለከለከ። «ትንሽ ነው የቀረኝ። ወንድሜ እኮ ነው።»

ልመና እንደማያዋጣ ገባት። ከቧንቧው ሥር የነበረውን ባልዲ አንስታ ውሃውን ክዳኑ ላይ ገለበጠችው። የራሰ እንጨት ቃጫው ቆሞ ይሻክራል፤ ደርቆ እንደገና እስኪለሰልስም የነገው ቀብር ያልፋል። ይህን ያስተማራት ባሏ ነው።

«እትዬ! የሁለት ቀን ልፋቴን!»

«አበደች!» አለ አንድ ሰው። ኦፓኒን ዶንኮር ከወንበራቸው ተነሱ።

ባፉር ክዳኑን በመዳፉ ዳበሰው። ሻክሯል። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ጥሎ መሬት ላይ ዘፍ አለና አለቀሰ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየችው ገና አሁን ነው።

«ይቅር በለኝ» አለችው አጠገቡ ቁጭ ብላ። «አንተንም መቅበር አልችልም።»

የሐዘን ልብሷን ጫፍ ባልዲው ውስጥ በቀረው ውሃ ነከረችና ከአፍንጫው ሥር የተጋገረውን ብናኝ ቀስ አድርጋ ጠረገችለት። ከዚያ ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ጠረገች።